ልጅ ከሱስ ህክምና ሲወጣ እንኳን ደስ አላችሁ ብቻ አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ሱስና ቤተሰብ ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤ ነው የምፅፍላችሁ። ለጋዜጣ ፅፌ አላውቅም፣ ግን ያንን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። አባት ነኝ። ልጄ ትልቅ ሰው ናት፣ ስራ ይዛ ራሷን ችላ ትኖር ነበር፣ ከአንድ አደጋ በኋላ የታዘዘላት የህመም ማስታገሻ ኪኒን ነው ነገሩን የጀመረው፣ ከዛ ኪኒኑ አልበቃ አለ፣ ከዛ ሌላ ነገር መጣ። ታክማ ወጣች፣ አገረሸባት፣ እንደገና ታከመች። ከዚህ በላይ ታሪኳን አልዘረዝርም፣ ታሪኩ የሷ ነው፣ እኔ የምፅፈው ስለኛ ስለ ወላጆች ነው።

ፅሁፋችሁ ላይ ያናደደኝ መጨረሻው ነው። ልጁ ህክምናውን ጨረሰ፣ እናትየው በር ላይ ጠብቃ አቀፈችው፣ ፎቶ፣ አበቃ። ደስ ይላል። ግን ይሄን ያነበበ ወላጅ የሱ ልጅ የወጣ ቀን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? በቃ አለፈልን ይላል፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስልኩን ሳይለንት አድርጎ ለሽ ብሎ ይተኛል። ከሁሉም አደገኛው ጊዜ እኮ እሱ ነው! እሱን ደሞ ደፍሮ የሚነግረን የለም፣ እኛን እንኳ ሲሸኙን በወረቀት ከሰጡን ምክር መሀል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፣ እሷንም ባለቤቴ ናት ያየቻት።

ለምን አደገኛ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ሲገባኝ ብዙ ነገር ነው የተቀየረብኝ። ሄሮይንና እነዚህ ጠንካራ የህመም ኪኒኖች፣ ማለትም ኦፒዮይድ የሚባሉት፣ ሰውነት እየለመዳቸው ሲሄድ ዶዙ ይጨምራል፣ ሌላውን ሰው የሚገድል መጠን ለለመደው ሰው ከማንቀጥቀጥና ከማስመለስ ማስታገሻ ብቻ ይሆናል። ሲያቆም ግን ያ የሰውነት ልማድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፣ ጭንቅላት ደሞ የድሮውን መጠን አይረሳም። እና አንድ ክፉ ቀን ይመጣል፣ ልጁ የድሮውን ያህል ይወስዳል፣ ያንን መጠን የሚችለው ሰውነት ግን የለም፣ ትንፋሽ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትንሽ ጥናት አለ፣ ለኦፒዮይድ ሱስ ተኝተው የታከሙ ሰዎችን ከወጡ በኋላ የተከታተለ ነው፣ በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ከልክ በላይ በመውሰድ፣ የሞቱት ህክምናውን አቋርጠው የሄዱት ሳይሆኑ በስርአት ጨርሰው፣ ሰውነታቸው ፀድቶ የወጡት ነበሩ። እንደገና አንብቡት። በ2007 ደሞ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከእስር ቤት የተፈቱ ከ30,000 በላይ ሰዎችን ያየ ሌላ ጥናት ወጣ፣ በወጡ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በድራግ ኦቨርዶዝ የመሞት እድላቸው ከሌላው ህዝብ 129 እጥፍ ነበር። እስር ቤት ሌላ ነገር ነው ትሉ ይሆናል፣ ነው፣ ግን ነገሩ ያው ነው፣ ለጊዜው ያቆመ ሰውነት እና የድሮው ዶዝ።

ይሄን የምለው ህክምና ይቅር ለማለት እንዳይመስላችሁ። ህክምናው ባይኖር ልጄ ዛሬ አትኖርም ነበር። የምለው ወላጅ ይወቀው ነው።

ሌላው፣ ናሎክሶን የሚባለውን መድሀኒት ስንቱ ወላጅ ያውቃል? ኦፒዮይድ ትንፋሽ ሲያቆም መልሶ የሚያስተነፍስ መድሀኒት ነው፣ በመርፌም በአፍንጫ በሚረጭም አለ፣ በሀኪሞች እጅ ከ1971 ጀምሮ አለ፣ የአለም ጤና ድርጅት ደሞ በ2014 ሰው ኦቨርዶዝ ሲያደርግ አጠገቡ ሊገኙ የሚችሉ ሰዎች ሁሉ፣ ቤተሰብም ጭምር፣ እንዲያገኙትና አጠቃቀሙን እንዲማሩ ብሏል። አንዳንድ ቦታ ያለ ማዘዣ ይሸጣል አንዳንድ ቦታ አይገኝም፣ ስለዚህ ባላችሁበት ጠይቁ። እኛ ቤት ግን ከመገኘቱ በላይ ያጣላን ማስቀመጡ ነው። ባለቤቴ "እሱን ቤት ማስገባት ማለት እኮ ውሰጂ ብሎ ፈቃድ መስጠት ነው" አለች፣ እኔ ደሞ አይደለም አልኩ፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ ራሷ ልጅቷ ናት "ስቀመጥም ስነሳም ባየው ውሰጂ ውሰጂ አይለኝም፣ አስቀምጡት" ያለችን። አሁን ሁላችንም የት እንዳለ እናውቃለን፣ ታናሽ ወንድሟም ጭምር።

ምልክቱን ደሞ እወቁ። ከንፈርና ጥፍር ሲጠቁር ወይ ሰማያዊ ሲሆን፣ የአይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ሲጠብ፣ ሲጠሯት ስትነቀነቅ አለመስማት፣ ትንፋሽ በጣም መዘግየት። አንድ ነገር ደሞ፣ ከጉሮሮ የሚመጣ ከባድ ማንኮራፋት። ብዙ ወላጅ "እሰይ ዛሬስ ተኛች" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ የሚሄደው እሱን ሰምቶ ነው። መድሀኒቱን ከሰጣችሁ በኋላም አምቡላንስ ጥሩ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ምክንያቱም ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ድራጉ ደሞ ከዛ ሊቆይ ይችላል፣ ተነስታ ተቀምጣ አውርታችሁ መልሳ ልትወድቅ ትችላለች። ለኮኬይን ወይ ለአልኮል አይሰራም፣ የሚሰራው ለኦፒዮይድ ነው፣ ግን ምን እንደወሰደ ካላወቃችሁ ስጡት፣ ኦፒዮይድ ባይሆን እንኳ አይጎዳውም።

እሺ አሁን ወደ ማገርሸቱ ልምጣ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲያገረሽባት በቃ ሁሉም ነገር ዜሮ የገባ ነው የመሰለን፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ፀሎት። ዘመድ ደሞ "ነግረናችሁ ነበር" ይላል፣ ምን እንደነገረን ባናውቅም። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ በ2000 በአሜሪካ ህክምና ማህበር ጆርናል የወጣ የማክሌላንና የጓደኞቹ ፅሁፍ፣ ለድራግ ሱስ ከታከሙ ሰዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል ይላል፣ የደም ግፊትና የአስም በሽተኞች ደሞ መድሀኒታቸውን እየተዉ ከ50 እስከ 70 በመቶ ያገረሽባቸዋል። የደም ግፊቱ የተነሳበትን ሰው ማን ነው ህክምናህ ባከነ፣ ቤተሰብህን አዋረድክ የሚለው? ክኒንህን ትተህ ነበር እንዴ፣ ሀኪምህ ጋር ሂድ ነው የሚባለው። እርግጥ ነው ግፊት ያለበት ሰው የእናቱን ወርቅ ሰርቆ አይሸጥም፣ እሱን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልዩነት የለውም ብዬ አልከራከርም፣ ንዴታችንም ከሜዳ አልመጣም። ግን እንደገና ወደ ህክምና የመመለሱ ነገር ላይ ልዩነት የለውም።

አለን ማርላት የሚባል የስነልቦና ሰው ነበር፣ ስለ ማገርሸት እድሜ ልኩን ያጠና፣ ያስተዋለው ነገር ይገርማል። አንድ ቀን የተንሸራተተ ሰው ወደ ድሮው ጠቅልሎ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የወሰደው ነገር ብቻ አይደለም፣ ከወሰደ በኋላ ለራሱ የሚነግረው ነው፣ "አለቀልኝ፣ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ" የሚለው። እና አስቡት፣ ልጁ ራሱ ይሄን እያሰበ በር ከፍቶ ሲገባ እኛ ሶፋ ላይ ተደርድረን ያንኑ ንግግር ጮክ ብለን እንነግረዋለን። በዛን ሰአት ጥያቄው መሆን ያለበት ምን ወሰድሽ፣ ስንት ወሰድሽ፣ አሁን ደህና ነሽ ወይ፣ ነገ ጠዋት ማን ጋር እንደውል ነው። ስድቡ ይቆይ፣ አይጠፋም። በነገራችን ላይ የሰከረ ወይ የመረቀነ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ጎረቤት መቀስቀስ ነው፣ ሲረጋጋ ነው ማውራት።

አምድ ላይ ያለው አማካሪያችሁ ደሞ "ጨክናችሁ በሩን ዝጉበት፣ መሬት ካልነካ አይነሳም" ብሏል። ይሄን ምክር ከስንት ሰው ሰምቻለሁ መሰላችሁ። ቤት ውስጥ ህፃን ካለ፣ ድብደባ ካለ፣ ቢላ የተመዘዘበት ቤት ከሆነ፣ ልጁ ሌላ ቦታ ይኑር የሚል ወላጅ ላይ ጣቴን አልቀስርም፣ ማንም አይቀስር። ግን መሬት እስኪነካ ጠብቁ የሚለው ነገር፣ ከላይ ያልኩትን ስለ ትንፋሽ ያወራሁትን አስታውሱ፣ መሬቱ የት እንደሆነ ማን ለክቶት ነው? ጎዳና ላይ ብቻውን የሚወስድ ሰው ትንፋሹ ሲቆም የሚያየው የለም። ሌላኛው ጫፍ ደሞ አለ፣ እዳውን መክፈል፣ ለአለቃው ታመመ ብሎ መደወል፣ የጠፋውን እቃ መተካትና ለማንም አለመናገር። ወላጅን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ያሉ ይመስለዋል፣ ወይ ጨካኝ ወይ ሞኝ።

መሀሉ ላይ ግን የተጠና ነገር አለ። ክራፍት ይባላል፣ ሮበርት ማየርስ የሚባል አሜሪካዊ ነው ያዳበረው፣ ሱሰኛውን ሳይሆን ቤተሰቡን የሚያሰለጥን ነው። ሲጠጣ ወይ ሲወስድ የሚያገኘውን ነገር ቀንሱ፣ ንፁህ በሆነ ቀን የሚያገኘውን ጨምሩ፣ ያበላሸውን ራሱ ይጋፈጠው፣ ህክምና የሚለውን ቃል የምታነሱበትን ሰአት ምረጡ፣ እናንተም ኑሯችሁን ኑሩ ይላል ባጭሩ። በ1999 ህክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ባሉባቸው 130 ቤተሰቦች ላይ ሞክረውት ነበር። በክራፍት የሰለጠኑት 64 በመቶ ሰውየውን ህክምና ማስገባት ቻሉ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፊት ለፊት አፋጥጦ በሚይዝበት መንገድ 30 በመቶ፣ አል-አኖን የሚባለውን፣ የጠጪ ቤተሰቦች ተሰብስበው የሚደጋገፉበትን ማህበር መንገድ በተከተሉት ደሞ 13 በመቶ። ያ አልኮል ላይ ነው፣ በኋላ ለድራግም ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ለአል-አኖን ፍትሃዊ ለመሆን፣ እነሱ በ1951 የተመሰረቱት ቤተሰቡ ራሱ እንዲተነፍስ እንጂ ጠጪውን ሀኪም ቤት ለማስገባት አይደለም። ለወላጅ የሚሉት ሶስት ነገር አለ፣ አንተ አላመጣኸውም፣ ልትቆጣጠረው አትችልም፣ ልታድነውም አትችልም። የመጀመሪያውን ስሰማ አለቀስኩ፣ ሁለተኛውን ለመቀበል አሁንም እየታገልኩ ነው፣ ሌሊት ተነስቼ ትንፋሽ የማዳምጥ ሰው ነኝኮ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ፀብ ሁሉ የሚዞረው እዛ ላይ ነው። ካሽ በእጇ አንሰጥም። የቤት ኪራይ ካስፈለገ ለአከራዩ፣ መድሀኒት ከሆነ ለፋርማሲው፣ ትራንስፖርት ከሆነ አብረን እንሄዳለን። ይሄን የወሰንነው ተረጋግተን ሶስታችንም ቁጭ ብለን ነው፣ ስትለምነን ቆመን አይደለም፣ በዛ ሰአት የወላጅ አንጀት ምን ይወስናል። ትልቁ ነገር ደሞ እኔና እናቷ አንድ አይነት መልስ መስጠታችን ነው። ድሮ እኔ እምቢ ስል እሷ ጋር ትሄዳለች፣ እሷ እምቢ ስትል እኔ ጋር፣ ከዛ እኔና ባለቤቴ እንጣላለን፣ ልጅቷ ገንዘቡን ይዛ ወጥታለች እኛ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። እና ታናሹን አትርሱት እባካችሁ። እህቱ ስትታመም ስለሷ፣ ስትሻላት ስለሷ፣ እሱ ፈተና ማለፉን እንኳ ማታ እራት ላይ ተንተባትቦ ነው የነገረን።

አዋቂ ልጅ ሲሆን ደሞ ሌላ ግድግዳ አለ። ሀኪም ቤት ስትደውሉ "የታካሚ ምስጢር ነው፣ ልንነግራችሁ አንችልም" ትባላላችሁ። አባቷ ነኝ ብትል፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ ብትል ያው ነው። መጀመሪያ በጣም አበሳጨኝ፣ አሁን ግን ልክ እንደሆነ አምናለሁ፣ ለወላጅ ሁሉም ነገር የሚነገር ቢሆን ስንቱ ልጅ ህክምና በር ላይ ይደርሳል? ግን ሁለት ነገር ይቻላል፣ እነዚህን ማንም አይነግራችሁም። አንደኛ፣ ልጃችሁ ደህና በሆነበት ሰአት ፈቃድ መፈረም ይችላል፣ ቢያገረሽብኝ ቢጠፋብኝ ለእናቴ ወይ ለአባቴ ንገሩ ብሎ፣ ምን ምን እንደሚነገረንም ራሱ ይወስናል። ሁለተኛ፣ እነሱ ለኛ መናገር ባይችሉም እኛ ለነሱ መናገር እንችላለን፣ ስልክ ደውላችሁ ምንም መልስ አልፈልግም ዝም ብላችሁ ስሙኝ፣ ትናንት ማታ እንዲህ ሆናለች ማለት ይቻላል።

ሌላው ቤት ዘግቶ ማስተው የሚባለው ነገር። ክፍል ቆልፈው፣ ሰው አስጠብቀው። የኦፒዮይድ ማቋረጥ ስቃይ ነው፣ ግን አልኮል ወይ አንዳንድ ማረጋጊያ ኪኒኖችን፣ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉትን፣ ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቆም የሚጥል በሽታ አይነት መንፈራገጥ ሊያመጣበት ይችላል፣ ሊገድለውም ይችላል። በሀኪም ነው የሚቀነሰው። ለኦፒዮይድ ደሞ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን አሉ፣ ራሳቸው ኦፒዮይድ ናቸው፣ ግን በሀኪም ክትትል ተወስደው የማቋረጡን ስቃይና አምሮቱን የሚያስታግሱ መድሀኒቶች ናቸው፣ የአለም ጤና ድርጅት መሰረታዊ መድሀኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ከ2005 ጀምሮ ነው፣ የሚወስዷቸው ሰዎች የመሞት አደጋቸው በጣም ይቀንሳል። "አንዱን ሱስ በሌላ መቀየር ነው" የሚል ሰው በየቤቱ አለ፣ አክስቷ ፊት ለፊቷ ብላታለች። ልጅቷ ያንን እየወሰደች ጠዋት ተነስታ ስራ የምትሄድ ከሆነ፣ ደሞዟን ይዛ የምትመጣ ከሆነ፣ ስትስቅ አይኗ የሚስቅ ከሆነ፣ እኔ ምኑ ነው የሚያስጨንቀኝ? ቶሎ ቁሚ ቶሎ ተዪ እያሉ መገፋፋትም አደጋ ነው፣ ሲቋረጥ መልሶ የሚመጣው ያው ከላይ ያልኩት ነው።

እና የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። እንደዛ አይነት ታሪክ ስታወጡ ከበሩ ላይ አታቁሙት። ከወጣ በኋላ ሰኞ ማን ጋር ነው የሚሄደው፣ መድሀኒቱን ማን ያያል፣ ቢያገረሽበት አልጋ አለ ወይ ወይስ እንደገና ወረፋ ነው፣ ቤተሰቡስ ማን አሰልጥኖት ነው ቤት የላካችሁት ብላችሁ ሀኪም ቤቶቹን ጠይቁ። አማካሪያችሁንም ጠይቁት፣ በሩን ዝጉ ሲል ከበሩ ውጪ ምን እንዲሆን ነው ያሰበው።

ስሜን እንዳታወጡት። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ልጄን አስነብቤያታለሁ፣ አንድ ሙሉ አንቀፅ አስወጥታኛለች፣ የት ጋር እንደነበር አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ደሞ ጨምርልኝ ብላለች፣ እሱን ልፃፈው። ጠዋት ጠዋት አይኗን ሰርቀን የምናየውን ነገር እንድንተው ትፈልጋለች። ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ በአፋችሁ ጠይቁኝ፣ ወሰድሽ ወይ በሉኝ፣ ባልወሰድኩ ቀን ቢያንስ አልወሰድኩም ብዬ መመለስ እችላለሁ አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት